ከመቶው ዘጠናው የት ገባ?

ብራስልስ አጠገብ ይኖር የነበረ ያን ባፕቲስታ ቫን ሄልሞንት የሚባል ሐኪም፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ትዕግሥት የሚፈትን ሙከራ አደረገ። በምድጃ ያደረቀውን 200 ፓውንድ አፈር፣ ወደ 90 ኪሎ የሚጠጋ፣ መዝኖ በትልቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ጨመረ። 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት፤ አቧራ እንዳይገባም የዕቃውን አፍ በተበሳሳ ቆርቆሮ ከደነው። ከዚያ ወዲያ ለችግኟ የሰጣት ውሃ ብቻ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ነቅሎ ሲመዝናት 169 ፓውንድ ከ3 አውንስ ሆነች። አፈሩንም እንደገና አድርቆ መዘነው። የጎደለው 2 አውንስ ገደማ ነው፤ 60 ግራም እንኳ አይሞላም።

ቫን ሄልሞንት ዛፏ የተሠራችው ከውሃ ነው ብሎ ደመደመ። ድምዳሜው ስሕተት ቢሆንም ሚዛኑ ትክክል ነበር። ተክል አፈር እየበላ ያድጋል የሚለውን የጥንት እምነት ያፈረሰው ያ ሚዛን ነው። እሱ በ1644 ሞተ፤ ሥራው የታተመው በ1648 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት መቶ ዓመታት፣ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝና ወዴት እንደሚያደርሰው የደረሱበት ሰዎች በአንድ ጠባይ ይመሳሰላሉ፦ መመዘንና መቁጠር አይታክታቸውም።

በነሐሴ 1771 እንግሊዝ አገር ሊድስ ውስጥ ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለ ቄስ፣ ሻማ ነዶ በጠፋበት በታፈነ አየር ውስጥ የናና ቅርንጫፍ አስቀመጠ። ከቀናት በኋላ በዚያው አየር ሻማ እንደገና ነደደ። ሙከራው ግን አንድ ቀን ይሳካል፣ ሌላ ቀን እምቢ ይላል። ምክንያቱን ያገኘው የኔዘርላንድ ተወላጁ ሐኪም ያን ኢንገንሃውስ ነው። በ1779 የበጋ ወራት ለንደን አቅራቢያ ተቀምጦ ከ500 በላይ ሙከራ ካደረገ በኋላ፣ ተክል አየሩን የሚያድሰው ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ መሆኑን፣ ይህን የሚሠራውም አረንጓዴው ክፍሉ ብቻ መሆኑን አሳየ። ጨለማ ውስጥ ተክልም እንደ እንስሳ አየሩን ያበላሻል። በ1804 የጄኔቫው ኒኮላ ቴዎዶር ደ ሶሲር ተክሉ ክብደት የሚጨምረው ከአየሩ ከሚወስደው ካርቦንና ከውሃ መሆኑን በልኬት አረጋገጠ።

እስከዚህ ድረስ የታወቀው የቁስ ጉዞ ነበር። ብርሃኑስ ቅጠሉ ላይ አርፎ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ የመለሰው ከዕፅዋት ጥናት ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበረው ጀርመናዊ የመርከብ ሐኪም ነው።

ዩሊየስ ሮበርት ሜየር በ1840 በኔዘርላንድ መርከብ ወደ ጃቫ ሄደ። ሱራባያ ወደብ ላይ የታመሙ መርከበኞችን እንደ ዘመኑ ሕክምና ደም ሲያወጣ፣ ከደም መልስ የወጣው ደም ከተለመደው ይልቅ ደማቅ ቀይ ሆነበት። በስሕተት ደም ቅዳ የወጋ መሰለው። ነገሩን አውጥቶ አውርዶ የደረሰበት ይህ ነው፦ በሞቃት አገር ሰውነት ሙቀቱን ለመጠበቅ ብዙ ምግብ ማቃጠል ስለማያስፈልገው፣ ደሙ ኦክስጅኑን ሳይጨርስ ይመለሳል። ከዚህ ተነሥቶ ምግብ፣ ሙቀትና ሥራ የአንድ ነገር ልዩ ልዩ መልኮች እንደሆኑ፣ መልኩ ይለወጥ እንጂ ኃይል እንደማይጠፋ በ1842 ጻፈ። በ1845 ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሕያዋን ወሰደው። ዕፅዋት የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው በአካላቸው ያከማቻሉ፤ እንስሳት ያንን በልተው ወደ ሙቀትና ወደ እንቅስቃሴ ይለውጡታል። በሬው ሞፈር የሚጎትትበት ጉልበት ትናንት ሣሩ ላይ ያረፈ ፀሐይ ነው ማለት ነው። የዘመኑ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ቦታ አልሰጡትም። በእኔ እይታ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን እርምጃ ብቻውን የተራመደው ሜየር ነው።

በ1881 ካርል ሴምፐር የተባለ ጀርመናዊ የእንስሳት ተመራማሪ ባሳተመው መጽሐፍ ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት ያህል አንድ ስሌት አስቀመጠ። አንድ ሺህ እጅ የዕፅዋት ምግብ ቢኖር፣ ቅጠል በል እንስሳት ሊያገኙት የሚችሉት መቶውን እጅ፣ እነሱን የሚበሉት ሥጋ በሎች ደግሞ አሥሩን እጅ ብቻ ቢሆን ብሎ አሰበ። ማንም ሳይለካው የተገመተ ቁጥር ነው። ዛሬ በየክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው “አሥር በመቶ” ግን ከዚህ ግምት ብዙም አልራቀም።

በ1921 የበጋ ወራት ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተነሣ ቡድን ወደ ሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ወደ ስፒትስበርገን ደሴቶች ተጓዘ። ከተጓዦቹ አንዱ የ21 ዓመቱ ተማሪ ቻርልስ ኤልተን ነበር። ያ አገር በረዶና ድንጋይ የበዛበት፣ የእንስሳት ዓይነቱ ጥቂት የሆነ ምድር ነው። ኤልተንን የጠቀመው ይኸው ጥቂትነት ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን በሺህ የሚቆጠር ዝርያ ያደናግረው ነበር፤ እዚህ ግን ማን ማንን እንደሚበላ ከሞላ ጎደል ተከታትሎ መሳል ይቻላል። የዋልታውን ቀበሮ ተከተለ። ቀበሮው በበጋ ወፎችን ይበላል፤ ወፎቹ ቅጠልና ፍሬ ወይም ነፍሳት ይበላሉ፤ ነፍሳቱ ደግሞ ዕፅዋቱን። በክረምት ወፎቹ ሲሰደዱ ቀበሮው በባሕሩ በረዶ ላይ የነጭ ድብን ዱካ ይከተላል፤ ድቡ ገድሎ ካስተረፈው የአቆስጣ ሥጋ ይቃርማል፤ የድቡን ፋንድያ ሳይቀር ይበላል። ስለዚህ የአንድ ቀበሮ ሕይወት ግማሹ ከየብስ ተክል፣ ግማሹ ከባሕር አልጌ በሚነሣ የምግብ ሰንሰለት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ኤልተን ስለ እንስሳት ሥነ ምኅዳር የጻፈውን መጽሐፍ ከማሳተሙ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1926፣ ኤድጋር ትራንሶ የተባለ አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ የአንድ ኤከር የበቆሎ ማሳ የኃይል ሒሳብ ሠራ። ማሳው አሥር ሺህ አገዳ ያለበት፣ በመቶ ቀን የሚደርስ የኢሊኖይ በቆሎ ነው። ትራንሶ ሥሩን፣ አገዳውን፣ ቅጠሉንና ፍሬውን ለየብቻ አስልቶ ሲደምር፣ በመቶው ቀን ማሳው ላይ ካረፈው የፀሐይ ኃይል በቆሎው ለምግብ መሥሪያ ያዋለው 1.6 በመቶ ብቻ ሆነ። ከዚህም ውስጥ አንድ አራተኛ የሚጠጋውን ራሱ በቆሎው ሲተነፍስ አቃጥሎታል። ከፀሐዩ 45 በመቶ ገደማ የዋለው ደግሞ ከቅጠሉ የሚወጣውን ውሃ ለማትነን ነው። እርሻ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ቢገረም አይፈረድበትም፤ ለምለም ማሳ ሙሉ ፀሐዩን የሚበላ ይመስላልና።

በ1927 የወጣው የኤልተን መጽሐፍ የእንስሳት ሥነ ምኅዳር ነው። የምግብ ሰንሰለትን አስተዋወቀ፤ ከታች ብዙና ትንንሽ፣ ወደ ላይ ጥቂትና ትልልቅ እንስሳት የሚገኙበትን የቁጥር ፒራሚድም ገለጸ። አንበሳ ከድኩላ ለምን እንደሚያንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት የተጠየቀው እዚህ ነው ማለት ይቻላል። የኤልተን መልስ ግን በእንስሳቱ የሰውነት መጠንና በመራቢያቸው ፍጥነት ላይ ያተኮረ ነበር። የሜየርን ኃይልና የኤልተንን ፒራሚድ ያገናኘ ሰው ገና አልመጣም። በ1935 እንግሊዛዊው አርተር ታንስሊ ሕያዋኑን ከአፈሩ፣ ከውሃውና ከአየሩ ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ ሥርዓተ ምኅዳር የሚል ጽንሰ ሐሳብ አቀረበ። በ1940 ደግሞ ቻንሲ ጁዴይ ዊስኮንሲን ውስጥ የሚገኘውን የሜንዶታ ሐይቅ ዓመታዊ የኃይል ገቢና ወጪ አሳተመ።

ይህን ጊዜ ሚኒሶታ ውስጥ ሬይመንድ ሊንደማን የተባለ ወጣት በአንዲት ትንሽ ውሃ ላይ ተጠምዶ ነበር።

ሊንደማን በ1915 ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። አንደኛው ዓይኑ በደንብ አያይም ነበር። ለዶክትሬት ጥናቱ የመረጠው ሲዳር ቦግ የተባለው ሐይቅ ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን ይገኛል። ሐይቅ ይባል እንጂ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ በደለልና በበሰበሰ ዕፅ እየተሞላ ወደ ረግረግነት የሚለወጥ ያረጀ ውሃ ነው። ክረምት መጥቶ ላዩ በበረዶ ሲዘጋ ኦክስጅኑ ያልቅና ከሥር ያሉት ፍጥረታት ይጨነቃሉ። ሊንደማንና ባለቤቱ ኤሊኖር ከዚያ ውሃ አምስት ዓመት ናሙና ለቀሙ። ከውሃው ተንሳፋፊ አልጌዎችን፣ ከዳር የውሃ ዕፅዋትን፣ ከወለሉ ጭቃ የትንኝ መሰል ዝንቦችን እጭ እያወጡ ለዩ፣ ቆጠሩ፣ መጠናቸውን አሰሉ። ምርጫው ብልህነት ነበረበት። ውሃዋ ትንሽና የተወሰነች ስለሆነች፣ ውስጧ የሚኖረውን ሁሉ ከአልጌው እስከ ዓሣው አንድ ሰው በአንድ መዝገብ ሊይዘው ይችላል።

ከዚያ በፊት የነበሩት ማን ማንን ይበላል ብለው ጠየቁ። ሊንደማን የያዘውን ሁሉ ወደ ካሎሪ ለውጦ ምን ያህል ያልፋል ብሎ ጠየቀ። ያገኘው ይህ ነው። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሐይቁ ገጽ ላይ በዓመት 118,872 ካሎሪ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ከዚህ ውስጥ ዕፅዋቱ የያዙት 111.3 ነው፤ ከሺህ አንድ ገደማ። ዕፅዋቱን ለሚበሉት የደረሰው 14.8፣ እነዚህን ለሚበሉት ደግሞ 3.1። ከጁዴይ ሐይቅ ከሜንዶታ ባገኘው መረጃ ሲሞክረውም 480 ካሎሪ፣ ቀጥሎ 41.6፣ ቀጥሎ 2.3፣ በመጨረሻም 0.3 ሆነ። ቁጥሮቹ ከቦታ ቦታ ይለያያሉ፤ መንገዱ ግን ቁልቁል ብቻ ነው።

የቀረው የት ገባ? አንዱ ክፍል ሳይበላ ይሞትና ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ሌላው ተበልቶም ሳይፈጭ በፋንድያ ይወጣል። የተፈጨውንም አብዛኛውን እንስሳው በሕይወት ለመኖር ያቃጥለዋል፤ ለመተንፈስ፣ ለመዋኘት፣ አካሉን ለመጠገን፣ አዳኙን ለመሸሽ። ይህ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ሙቀት ከሆነ በኋላ የትኛውም ቅጠል መልሶ አይዘውም። ለሚቀጥለው በላተኛ የሚተርፈው በሥጋ መልክ የተቀመጠው ብቻ ነው፤ ገበሬ ከጎተራው ለቀለብ፣ ለዘርና ለነቀዝ ከሄደበት በኋላ ገበያ የሚያወጣት እህል ጥቂት እንደምትሆነው። ካርቦኑ፣ ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ሞቶ የበሰበሰው ሁሉ ይፈርስና ወደ አፈርና ወደ ውሃ ይመለሳል፤ ተክል እንደገና ያነሣዋል። ቁሱ ይዞራል፣ ኃይሉ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ያልፋል። ነገ ፀሐይ ባትወጣ ከዛሬው ተርፎ የሚዞር ኃይል የለም። ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ በአእምሮ ይቀመጥ ከተባለ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

በ1941 ሊንደማን ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ከሥነ ምኅዳር ሊቁ ከኢቭሊን ሃቺንሰን ጋር ይህን ሐሳብ አዳበረና ኢኮሎጂ ለተባለው መጽሔት ላከ። ጽሑፉን እንዲመረምሩ የተጠየቁት ሁለቱ ታላላቅ የሐይቅ ሊቃውንት፣ ፖል ዌልችና ራሱ ጁዴይ፣ ባይታተም ይሻላል አሉ። ንድፈ ሐሳቡ በዛ፣ መረጃው አነሰ የሚል ነበር ቅሬታቸው። ሃቺንሰን ለአዘጋጁ ለቶማስ ፓርክ ረጅም ደብዳቤ ጽፎ ተከራከረ። ፓርክም አመዛዝኖ፣ ከታረመ በኋላ እንዲታተም ወሰነ። ሊንደማን መቀበሉን ሰምቷል፤ ታትሞ ግን አላየውም። በጉበት በሽታ ሲሠቃይ ቆይቶ ሰኔ 29 ቀን 1942 ሞተ፤ 27 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ያህል ቀርቶት ነበር። ጽሑፉ በጥቅምት ወር ወጣ።

የሃቺንሰን ሌላው ተማሪ ሃዋርድ ኦደም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፍሎሪዳ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግስ ወደተባለ ምንጭ ወረደ። ጎብኚዎች ወለሉ መስተዋት በሆነ ጀልባ እየተንሸራሸሩ ዓሣ የሚያዩበት፣ ውሃው ዓመቱን ሙሉ 23 ዲግሪ ገደማ የሆነ ጥርት ያለ ምንጭ ነው። ይህ ለኦደም እንደ ቤተ ሙከራ ሆነለት። ከምንጩ አፍ የሚወጣውንና ወደ ታች የሚወርደውን ውሃ ኦክስጅን ቀንም ሌሊትም ለካ፤ ቀን የሚጨመረው ዕፅዋቱ የሠሩት ነው፣ ሌሊት የሚጎድለው ሁሉም የተነፈሰው ነው። በ1957 ያሳተመው ሒሳብ በአንድ ካሬ ሜትር በዓመት 20,810 ኪሎ ካሎሪ ምርት ይላል። ዕፅዋቱ ራሳቸው 11,977ቱን ተነፈሱት። ለቅጠል በሎቹ የደረሰው 3,368፣ ለሥጋ በሎቹ 383፣ ከሁሉ በላይ ላሉት ትልልቅ ዓሦች 21 ነው። አበስባሽ ባክቴሪያዎችና መሰሎቻቸው ደግሞ ከሥጋ በሎቹ ሁሉ እጅግ የሚበልጥ፣ 5,060 ኪሎ ካሎሪ ወሰዱ። አንበሳና ንስር ስማቸው ይግነን እንጂ፣ ትልቁን ድርሻ የሚበላው በዓይን የማይታየው ነው።

ከዚያ ታሪኩ ወደ እኛ አገር መጣ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ታሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ የውሃ ተመራማሪ፣ ዉድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር ከተባሉ ባልደረቦቹ ጋር ቢሾፍቱ አካባቢ ባሉት የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ላይ ሠራ። ዓይናቸው ያረፈው በአረንጓዴና በኪሎሌ ሐይቆች ላይ ነው። ውሃቸው ሶዳ የበዛበት ስለሆነ ስፓይሩሊና የተባለው ደቃቅ፣ ጥምዝምዝ አልጌ እንደ ልቡ ይራባበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ከሐይቁ በተቀዳ ውሃ ሁለት ጠርሙስ ይሞላል፤ አንዱ ብርሃን ያስገባል፣ ሌላው ተሸፍኖ ይጨልማል። ሁለቱም ወደ ተቀዱበት ጥልቀት ይወርዳሉ። ሰዓት ተቆጥሮ ሲወጡ በብርሃናማው የጨመረውና በጨለማው የጎደለው ኦክስጅን ተደምሮ አልጌው የሠራውን ሁሉ ይነግራል።

በ1973 የወጣው ውጤት ለዓለም የሐይቅ ሊቃውንት መነጋገሪያ ሆነ። በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ከተለኩት ሁሉ ከከፍተኛዎቹ የሚመደብ ምርት ነበር። አልጌው እጅግ ከመጠቅጠቁ የተነሣ ብርሃኑን ከአንድ ሜትር ባነሰ ጥልቀት ውጦ ይጨርሰዋል። ጣሪያውን የሚወስነው የማዳበሪያ እጥረት ሳይሆን አንዱ አልጌ በሌላው ላይ የሚጥለው ጥላ ነው። ተንሳፋፊ አልጌ በፀሐይ ብርሃን ሊያመርት የሚችለው ከፍተኛ ልክ የት ድረስ ነው ለሚለው ዓለም አቀፍ ጥያቄ መልስ የተፈለገው፣ ከአዲስ አበባ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይርቅ ሐይቅ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ምን ሊመግብ እንደሚችል ማየት የፈለገ፣ በስምጥ ሸለቆ ጭቱ ሐይቅ ላይ የሚሰበሰቡትን ትንንሽ ፍላሚንጎዎች ይመልከት። ወፏ ምንቃሯን ገልብጣ ስፓይሩሊናውን ከውሃው አጣርታ ትበላለች። መሐል ላይ ትል የለ፣ ዓሣ የለ፤ ከፀሐይ እስከ ወፍ አንድ እርከን ብቻ ነው። ያን የሚያህል መንጋ በአንድ ሐይቅ የሚኖረው ሰንሰለቱ አጭር ስለሆነ ነው።

እስከዚህ ያየነው ሰንሰለት ሁሉ ከፀሐይ ይነሣል። በ1977 ግን አልቪን የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ጋላፓጎስ አቅራቢያ ወደ 2,500 ሜትር ጥልቀት ስትወርድ፣ ፀሐይ ፈጽሞ በማትደርስበት ጨለማ ከምድር ሥር በሚፈልቅ ሙቅ ውሃ ዙሪያ ትልልቅ ዛጎሎችና ሜትር የሚያልፉ ትሎች ታዩ። ከተጓዦቹ መካከል የሥነ ሕይወት ባለሙያ አልነበረም፤ የሄዱት ድንጋይ ሊያጠኑ ነበር። በ1981 ኮሊን ካቫኖ ትሎቹ አፍም ሆድም ሳይኖራቸው እንዴት እንደሚኖሩ አስረዳች፦ በአካላቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከሙቁ ውሃ በሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ኃይል ምግብ ይሠራሉ። ስለዚህ መነሻው ሁልጊዜ ፀሐይ ላይሆን ይችላል። እርከን በወጣ ቁጥር መቀነሱ ግን እዚያም አልተሻረም።

ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ስንመለስ፣ በ1989 የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ተብሎ ወደ ኪሎሌ ሐይቅ ተጠለፈ። ጨዋማው ውሃ በወንዙ ቀጠነ፤ ታሊንግ የለካው የስፓይሩሊና ማሳም ጠፍቶ ሌሎች አልጌዎች ተተኩ። ለውጡን ተከታትለው የመዘገቡት ብሩክ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የሐይቅ ተመራማሪ ናቸው። የኃይሉን መግቢያ በር የለወጠ፣ ከበሩ በላይ ያለውን ሁሉ ይለውጣል። ያን ዓይነት ውሳኔ ሲወሰን ሐይቁን የሚያውቅ ሰው ሊጠየቅ ይገባው ነበር እላለሁ።

በ1995 ዳንኤል ፖሊና ቪሊ ክሪስተንሰን በዓለም ዙሪያ ከተሠሩ 48 የውሃ ሥርዓተ ምኅዳር ሞዴሎች ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው የሚያልፈውን ኃይል አማካይ ሲያወጡ 10.1 በመቶ ሆነ። የሴምፐር የ1881 ግምት ለካ ሩቅ አልነበረም። ሆኖም ይህ አማካይ ነው፤ ሕግ አይደለም። በሲዳር ቦግ 13.3 በመቶ ያለፈበትም እርከን አለ፣ በሲልቨር ስፕሪንግስ ከ6 በመቶ ያነሰ ያለፈበትም አለ።

ስለዚህ ባዮሎጂ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፒራሚዱን ሰሌዳው ላይ ስትስሉ “አሥር በመቶ” ብላችሁ አትለፉ። 111.3፣ 14.8፣ 3.1 ብላችሁ ጻፉና ተማሪዎቹ ራሳቸው ያካፍሉት።